ያልተሰማና ያልተወደደ፤ እምብዛም ያልታወቁ ዘፈኖችን በድምፅ ብልጫ ስለ ማወዳደር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝሁ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ጉዳይ የሚመስል ነው። ይኸውም እምብዛም ያልታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት አማካይነት ለሕዝብ አቅርቦ በድምፅ ብልጫ የማወዳደር ሥራ ነው። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር እንዲህ ያለውን ውድድር ሁለት ጊዜ አካሂጃለሁ። የመጀመሪያው በጥፋት፣ ሁለተኛው በእርማት የሚታወስ ስለ ሆነ፣ የምናገረው ያነበብሁትን ብቻ ሳይሆን በገዛ እጄ ያበላሸሁትንም ጭምር ነው።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ ያልሰሙት ዜማ አይናፍቅም፤ የማይናፍቅ ዜማ ደግሞ ጠያቂ ስለሌለው በካሴቱ ላይ እንደ ተቀዳ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትን ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን አጥር ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ በመክፈት እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያም የካሴት ዘመን መጣ። ከሸክላውም ሆነ ከካሴቱ ግን ዛሬ በየመኪናውና በየሰርጉ ቤት የምንሰማው ጥቂቱን ነው። የቀረው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

ከሳጥኑ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ የተጫወተው ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው በ2013 ነው፤ ያውም አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ስላገኘው። አጋጣሚው መልካም ነው፤ ነገር ግን አጋጣሚ የሥራ ዘዴ ሊሆን አይችልም። ያ ሰው በዚያ ቀን በሌላ መንገድ አልፎ ቢሆን ኖሮስ? እኛም ለውድድር የተነሣነው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አንድ ባለሙያ ብቻውን የማይዘልቀውን ፍለጋ ብዙ ሰው ቢካፈለው ይቀላል ብለን ነበር።

ለመጀመሪያው ውድድር 24 ዘፈኖች ቀረቡልን። የዘፈኖቹን ስም በፊደል ተራ ከሀ እስከ ፐ ደረደርን፤ ከእያንዳንዱም ጎን እስካሁን ያገኘው ድምፅ በግልጽ እንዲታይ አደረግን። አንድ መራጭ አንድ ዘፈን እንዲመርጥም ደነገግን። ሁሉም ነገር ግልጽና ቀላል መሰለን። የጊዜውም ገደብ «እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት» ተብሎ ተነገረ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ይህን እኩለ ሌሊት ነው ብለው ስለ ተረዱት፣ የብዙዎቹ ድምፅ ከተዘጋ በኋላ ደረሰ። ይህ ትንሹ ስሕተታችን ነበር።

ትልቁን ስሕተት የገለጠልን አንድ አዛውንት ድምፃዊ ናቸው። እኚህ አባት በደርግ ዘመን በአንድ የክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ብቸኛ ካሴታቸውን ያመጣችልን ልጃቸው ናት። ውጤቱን በሙሉ፣ ከአንደኛ እስከ ሃያ አራተኛ፣ ደርድረን ስናወጣ የእሳቸው ዘፈን የመጨረሻ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ካሴቱን ልመልስ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አስፈልተው፣ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እስካሁን ሰው ረሳኝ ብዬ እጽናና ነበር። አሁን ግን ሰምቶ ጣለኝ አላችሁኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቢሮ ተመልሼ የየዘፈኑን የማዳመጫ መዝገብ አንድ በአንድ ስመረምር ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የዘፈናቸው ስም በ«ፈ» ስለሚጀምር ከዝርዝሩ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ነበር። እስከ መጨረሻው ያዳመጠው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሕዝቡ አልጣላቸውም፤ ከናካቴው አልሰማቸውም። እኛ ግን «ያልተሰማ» የሚለውን «ያልተወደደ» ብለን በአደባባይ አወጅን። በሙያችን ከዚህ የከፋ የሐሰት ምስክርነት ያለ አይመስለኝም።

የድምፁን ቁጥር ማሳየታችንም ምን እንዳስከተለ በኋላ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የሳልጋኒክ፣ የዶድስና የዋትስ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 14,341 ሰዎችን በኢንተርኔት ጋብዘው 48 ያልታወቁ ዘፈኖችን አሰሟቸው። ከፊሎቹ የሌሎችን ምርጫ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት ግን እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት ቡድኖች ተከፍለው፣ በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደ ተወሰደ እያዩ መረጡ። ቁጥሩ በታየበት ቡድን ሁሉ የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፣ የተተወው ይበልጥ ተተወ። የሚያስገርመው ግን አሸናፊው ዘፈን ከቡድን ቡድን መለያየቱ ነው። እጅግ ጥሩው ዘፈን ፈጽሞ የሚወድቅበት፣ እጅግ ደካማውም የሚያሸንፍበት ጊዜ ጥቂት ነበር፤ በመካከል ያለው ግን የትም ሊደርስ ቻለ። እንግዲህ በመጀመሪያው ሰዓት የተሰጡ ጥቂት ድምፆች የቀሩትን እየጎተቱ ይሄዳሉ ማለት ነው። እኛም ቁጥሩን ያሳየነው ግልጽነት መስሎን ነበር፤ ለካስ ለአድማጩ ጆሮ ሳይሆን ለዓይኑ ነበር ያቀረብነው።

የድምፅ አቈጣጠሩም ራሱን የቻለ ጉድለት ነበረበት። በምሳሌ ላስረዳ። ዘጠኝ መራጮችና ሦስት ዘፈኖች አሉ እንበል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። አራቱ መራጮች ሀን አንደኛ፣ ሐን ሁለተኛ፣ ለን ሦስተኛ ያደርጋሉ። ሦስቱ ለን አንደኛ፣ ሐን ሁለተኛ፣ ሀን ሦስተኛ ይላሉ። ሁለቱ ደግሞ ሐን፣ ቀጥሎ ለን፣ በመጨረሻ ሀን ያስቀምጣሉ። አንድ ሰው አንድ ዘፈን ብቻ ከመረጠ ሀ በአራት ድምፅ ያሸንፋል፤ ከዘጠኙ አምስቱ ግን የመጨረሻ ያደረጉት እርሱን ነው። ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ ብንሰጥ ሀ 17፣ ለ 17፣ ሐ 20 ያገኛሉ። ይህን ዘዴ ፈረንሳዊው ዣን ሻርል ደ ቦርዳ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አቅርቦታል። የአውሮፓ የዘፈን ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚሠራበት የ12፣ የ10 እና ከ8 እስከ 1 ያለው ነጥብም የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ የሚያስቈጥረው ውድድር ብዙ ዘመድ ያለውን ዘፋኝ ያነግሣል፤ ደረጃ የሚያሰጠው ግን ሌሎቹንም እንድንሰማ ያስገድደናል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ውድድር በሌላ ደንብ አካሄድን። በመጀመሪያ፣ ዘፈኑ በሙሉ ከመቅረቡ በፊት የባለመብቱን ፈቃድ ጠየቅን፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለሚያስገድድ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱን ሳያውቁ ስለ ዘፈኑ መፍረድ ነውር ስለ ሆነም ነው። የድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን የግጥምና የዜማ ደራሲውንም ስም ፈልገን ጻፍን። 24ቱን ዘፈኖች በስምንት በስምንት ሦስት ምድብ ከፈልን፤ ለእያንዳንዱም ምድብ አንድ ሳምንት ሰጠን፤ ብዙው አድማጭ በስልኩ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚያዳምጥ ሃያ አራት ዘፈን በአንድ ጊዜ ስማ ማለት አትስማ ማለት ነውና። ተራው ለእያንዳንዱ አድማጭ በዕጣ ይለዋወጣል። ስምንቱን ሳያዳምጥ ማንም ድምፅ አይሰጥም። ዘፈኑን ያቀረበ ሰው የራሱ ዘፈን ባለበት ምድብ አይመርጥም። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይደበቃል፤ ሰዓቱም በአገራችንና በውጭ አገር አቈጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል።

እነዚህ ደንቦች ማጭበርበርን ፈጽመው ያስቀራሉ አልልም። በአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ድምፅ ብንልም፣ ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይመርጣል። የተፎካካሪውን ዘፈን ሆን ብሎ ከታች የሚያስቀምጥም አይጠፋም። የመራጩም ቁጥር ከመጀመሪያው ውድድር አነሰ፤ አንዳንድ ባልደረቦቼም በዚህ ቅር ተሰኙ። እኔ ግን ሳያዳምጥ ከሚመርጥ ብዙ ሰው አዳምጦ የሚመርጥ ጥቂት ሰው እመርጣለሁ። «ታዲያ ድምፅ ማሰጠቱ ለምን አስፈለገ? ባለሙያዎች ተሰብስበው አይመርጡም ወይ?» ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው፤ ድምፅ ማሰጠቱ ሰበብ ነው፤ ቁም ነገሩ ማስደመጡ ነው። ኮሚቴ ሲመርጥ የሚሰማው ኮሚቴው ብቻ ነው።

ውጤቱንም ስናወጣ ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ዘጠኙን ብቻ በደረጃ ገለጽን። የቀሩትን ያለ ደረጃ፣ በሙሉ ስማቸውና ታሪካቸው ዘረዘርን። የእኚያ አባት ዘፈን፣ በእሳቸው ፈቃድ እንደገና ቀርቦ፣ አራተኛ ወጣ። አንደኛ ወጣ ብዬ ብነግራችሁ ንግግሬ ባማረ ነበር፤ እውነቱ ግን አራተኛ ነው።

ወሬውን ልነግራቸው ሄድሁ። ደረጃውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ምንም አላሉም። ቀጥለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለመሆኑ ስንት ሰው እስከ መጨረሻው ሰማው?» በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ አፍሬ እመለስ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን መዝገቡን ከኪሴ አውጥቼ ቁጥሩን አነበብሁላቸው። ልጃቸውን ጠርተው እንደገና እንዳነብላት አደረጉኝ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ በቋንቋችን «ድምፅ» የሚለው ቃል ከዘፋኙ ጉሮሮ ለሚወጣውም፣ መራጩ ለሚሰጠውም አንድ ነው። ሁለተኛውን ለመቁጠር ስንቸኩል የመጀመሪያውን ሳንሰማ እንዳንቀር አደራ እላለሁ። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ውድድር የሚያዘጋጅ ቢኖር፣ «ማን አሸነፈ?» ከማለቱ በፊት «ሁሉም ተሰምቷል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።