የመካከለኛ ዋጋ ሆቴል ምዘና በመሐንዲስ ዐይን
(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



በአማርኛ «ደረጃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው በሆቴል በር ላይ የሚሰቀለው የኮከብ ማዕረግ ነው፤ ሁለተኛው አሳንሰሩ በቆመ ጊዜ እንግዳው በእግሩ የሚወርድበት መወጣጫ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል። በ2007 ዓ.ም.፣ በጊዜው የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር የአዲስ አበባን ሆቴሎች በኮከብ በመደበ ጊዜ ነገሩ ብዙዎችን ሲያነጋግር ሰንብቷል። ስለ ሁለተኛው ደረጃ ግን የሚጠይቅ እንግዳ እምብዛም አይገኝም። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ በሁለተኛውና እርሱን በመሰሉ ከዐይን በተሰወሩ ነገሮች ላይ ነው፤ የሆቴል ባለቤት መሐንዲስ ጠርቶ «ቤቴን መዝንልኝ» ሲል ሊመዘን የሚገባው እነርሱ ናቸውና።

ለምሳሌ የሚወሰደው በአዲስ አበባ ከተማ ያለ፣ ስድሳ ያህል ክፍል ያለው ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል ነው። እንዲህ ያለው ሆቴል ከታላላቆቹ ተርታ አይደለም፤ ከአልቤርጎም ከፍ ይላል። ደንበኛው ከደሴ ዕቃ ሊያስጭን የመጣ ነጋዴ፣ ከሐዋሳ የተላከ ሒሳብ መርማሪ፣ ወይም ከናይሮቢ ለሦስት ቀን ድርድር የመጣ የኩባንያ ወኪል ነው። ማታ ደክሞት ይገባል፤ ጧት 1 ሰዓት ላይ ገላውን ይታጠባል፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ ወጥቶ ይሄዳል። በከፈለው ገንዘብ የገዛው እንቅልፍ፣ ሙቅ ውሃ፣ መብራትና በሰላም ወጥቶ መሄድን ነው። እብነ በረድ የለበሰውን የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ የሚያየው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያውም ሲያልፍ ብቻ ነው።

ይህ ዐይነቱ ሆቴል በመሠረቱ የቧንቧ ሥራ ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለው አሜሪካዊ፣ በልጅነቱ በሆቴል የእንግዳ ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በቡፋሎ ከተማ በከፈተው ሆቴል ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መታጠቢያ ቤት ሰጥቶ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ማከራየት ጀመረ። ለተራ የንግድ መንገደኛ እስከዚያ ድረስ የማይታሰብ ምቾት ነበር። ዋጋው ሊወርድ የቻለው የሁለት ጎረቤት ክፍሎች መታጠቢያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተሠርተው፣ ቧንቧዎቹ ሁሉ ከምድር እስከ ጣሪያ በሚዘልቅ አንድ የጋራ ክፍተት ውስጥ እንዲያልፉ በመደረጉ ነው። ቧንቧ ሲበላሽ ሠራተኛው በክፍተቱ ገብቶ ይጠግናል፤ እንግዳው አይነሣም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ በሚሠሩ አንዳንድ ሆቴሎች ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በሴራሚክ ይሸፈናል፤ አንድ መጋጠሚያ ያፈሰሰ ቀን ሴራሚኩ ይፈነቀላል፣ ክፍሉም ለሳምንት ይዘጋል። ስለዚህ መዛኙ ገና ሲገባ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ቧንቧው የሚያልፈው በየት በኩል ነው የሚለው ነው።

ውሃን በሚመለከት ጥሩው ምርመራ በላይኛው ፎቅ የሚደረገው ነው። የጣሪያው ማጠራቀሚያ ከላይኛው ፎቅ ሻወር በ2.5 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ፣ ለዚያ ክፍል የሚደርሰው ግፊት የ2.5 ሜትር የውሃ ዐምድ ብቻ ነው፤ በታችኛው ፎቅ ግን ከ18 ሜትር በላይ ይሆናል። እንግዲህ «ከተማውን ቁልቁል ያያል» ተብሎ በብልጫ ዋጋ የሚከራየው ክፍል ውሃው የሚንጠባጠብበት ክፍል ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ አንዲት አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ናት።

የማጠራቀሚያው መጠንም እንዲሁ። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሠፈር፣ መቶ አልጋ ያለው ሆቴል ለአንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ቢታሰብ፣ ወጥ ቤቱና ልብስ ማጠቢያው ሳይጨመሩ ለሁለት ቀን 30,000 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ 30 ቶን ክብደት ነው። ሰገነቱ ላይ ሮቶ እየተደረደረ ሲሄድ ጭነቱን ያሰላ ሰው አለን? በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ በተሰማ ጊዜ፣ በሕንፃ አናት ላይ የተከመረ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለማኅበሩ አባላት ማስረዳት አላስፈለገም። የዲዛይኑ ስሌት ያላወቀው ክብደት ሰገነቱ ላይ ከተገኘ ማጠራቀሚያው ወደ ምድር ቤት ይውረድ፤ በሰገነቱ ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚበቃ ብቻ ይቅር።

ሙቅ ውሃውን በተመለከተ በየክፍሉ የሚሰቀለውን ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር እንመልከት። ጉልበቱ 1.5 ኪሎዋት ቢሆን፣ በ17 ዲግሪ የገባውን ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ውሃ በቀዝቃዛ ተቀላቅሎ ለሁለት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ክፍሉን ለሁለት የተከራዩ ባልደረቦች ይህን ቢያውቁ ኖሮ በሁለተኛው ጧት ባልተቀያየሙ ነበር። ባለቤቱ የመብራት ክፍያ ለመቆጠብ ቦይለሩን ወደ 40 ዲግሪ ዝቅ ቢያደርገው ግን ጉዳቱ ከቅያሜ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችን መትቶ ሠላሳ የሚጠጉትን የገደለው የሳንባ በሽታ መንሥኤ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነበር። በፊላደልፊያ የተጠረጠረው የሆቴሉ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ማንኛውም የቆመ ውሃ ይራባል፣ በሻወር ርጭትም ወደ ሳንባ ይገባል። ቦይለሩ በ60 ዲግሪ ይጠበቅ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይኸው ቦይለር ወደ መብራቱ ጉዳይ ይወስደናል። ስድሳው ክፍል ጧት በአንድነት ሲበራ 90 ኪሎዋት ይሻል። በጀርባ ግቢ የቆመው ጄኔሬተር ሰሌዳው «100 ኪሎዋት» ይላል፤ ባለቤቱም በዚህ ይተማመናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የአየሩም ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣልና 100 የተባለው ወደ 75 ይወርዳል። መብራት ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ የጠፋ እንደሆነ፣ አሳንሰሩና ወጥ ቤቱ ሳይቆጠሩ ጄኔሬተሩ ተረትቷል። አሳንሰሩም በሁለት ፎቅ መካከል ከእነ እንግዳው ይቆማል። ቦይለሮቹ በዋናው መስመር ብቻ እንዲሠሩ፣ ጄኔሬተሩም አሳንሰሩን፣ የመተላለፊያ መብራቱንና ፓምፑን እንዲሸከም መስመሩን መለየት ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለ እንቅልፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ብዙ ነገር ሊደረግ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሌሊት ከቦሌ የሚነሡት አውሮፕላኖች፣ በምድር ቤቱ ያለው የሙዚቃ ቤት፣ ጎህ ሳይቀድ የሚጀምረው የድምፅ ማጉያ፣ በኮሪደሩ እየተነጋገረ የሚያልፈው እንግዳ ይህን መመሪያ አያውቁትም። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ግድግዳ ማወፈርን ያስባሉ። ዳሩ ግን ከግድግዳና ከበር ስፋት አንድ መቶኛው እንኳ ክፍት ከሆነ፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር የሚያግደው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም። ክፍተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በበሩ ሥር ያለው ነው፤ ጣት የሚያሳልፍ በር በጎማ ሲታሸግ እንግዳው ሌላ ሆቴል የገባ ይመስለዋል። የሙዚቃ ቤቱ ግን በጎማ አይታገድም፤ ወፍራሙ ድምፅ በዐምዱ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣልና ከሁለት አንዱ፣ ሙዚቃው ወይም በላዩ ያሉት ክፍሎች፣ መቅረት ይኖርበታል። የአየር ማቀዝቀዣን በተመለከተ በአዲስ አበባ የሚከፈት መስኮትና ጥሩ ብርድ ልብስ ከእርሱ ይሻላሉ ማለት ይበቃል።

እስካሁን የተነገሩት ሁሉ በነጥብ ሊመዘኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ሊያካክስ ይችላል። መውጫው ግን ከነጥብ ድምር ውጭ መሆን አለበት። ዐምዱ የተሰነጠቀን ሕንፃ ወለሉ ያማረ ነው ብሎ የሚያሳልፍ መሐንዲስ እንደሌለ ሁሉ፣ ሁለተኛ መውጫ የሌለውን ሆቴል ቁርሱ ጥሩ ነው ብሎ ማሳለፍ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 በአትላንታ ከተማ የተቃጠለው የዋይንኮፍ ሆቴል አሥራ አምስት ፎቅ የነበረው፣ በከተማው መካከል የሚገኝ ሆቴል ነበር። «እሳት የማይነካው» እየተባለ ይተዋወቅ ነበር። ቃሉም ስለ ሕንፃው ሐሰት አልነበረም፤ አጥንቱ አልወደቀም፣ እ.ኤ.አ. በ2007ም ታድሶ ዳግም ሆቴል ሆኗል። በዚያች ሌሊት ግን 119 ሰዎች ሞቱ፤ ሆቴሉን ያሠራው ሰው ራሱ ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ደረጃው አንድ ብቻ ነበረና፣ እርሱም ጭስ የሚያግድ በር ስላልነበረው የእሳቱ ጭስ ማውጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980 በላስ ቬጋስ ኤም ጂ ኤም ግራንድ በተባለው ሆቴል እሳቱ የነደደው በምድር ቤት ሲሆን፣ ከሞቱት 85 ሰዎች አብዛኞቹ ነበልባል ሳያዩ በላይኛዎቹ ፎቆች በጭስ የታፈኑ ናቸው።

በአዲስ አበባ ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ ተጀምሮ በኋላ ሆቴል የሆነ ሕንፃ አለ፤ ደረጃውም አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለት ደረጃ ያለው ቢሆን እንኳ ሁለተኛው በሰንሰለት ታስሮ ይገኛል። ባለቤቱ ምክንያት አያጣም፤ እንግዳ ሒሳብ ሳይከፍል በጓሮ ወጥቷል፣ አንሶላና ቴሌቪዥን በዚያው ተሰርቋል። ይህ ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ መዛኙ ሊንቀው አይገባም። መልሱ ከውስጥ በሰውነት ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት፣ ሲከፈትም የሚጮኽ፣ ከውጭ ግን የማይከፈት መቀርቀሪያ ነው። ሌባውን ደወሉ ያጋልጠዋል፤ እንግዳውም በጭስ ውስጥ ቁልፍ ፍለጋ አይቆምም። ጭስ እንዲያግድ የተሠራው የደረጃ በር ደግሞ አየር ይግባ ተብሎ በእሳት ማጥፊያ ጣሳ ተደግፎ ከተገኘ፣ ሁለቱም ዕቃዎች ከሥራቸው ወጥተዋል።

ምርመራው አስቀድሞ በተነገረ ቀን ከሆነ ሰንሰለቱ ተፈቶ፣ ማጠራቀሚያው ሞልቶ፣ ቦይለሩ ግሎ ይጠብቃል። ስለዚህ መዛኙ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሳይታወቅ ገብቶ በላይኛው ፎቅ ይደር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ አሳንሰሩን ትቶ፣ በሁለተኛው ደረጃ በእግሩ እስከ ምድር ይውረድ፤ መብራት ያለበትንና የሌለበትን ፎቅ ይመዝግብ። በሩ ተቆልፎ ቢያገኘው ዘበኛውን ቀስቅሶ ቁልፉን ይጠይቅ፤ እስኪመጣም ሰዓቱን ይያዝ። ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ቤቱ ሄዷል የሚል መልስ ከተገኘ፣ የቀረው ነጥብ እስኪደመር ሳይጠበቅ ለባለቤቱ በዚያው ሌሊት ስልክ ይደወልለት።