መምራትን በሶር ጫካ



የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች፣ በምረቃ መድረክ ላይ የሚቆም እንግዳ ሁሉ «የነገ መሪዎች» ይላችኋል። ለመሆኑ መምራትን የት ተለማመዳችሁት? የክፍል አለቃ የሚረብሹ ልጆችን ስም ይጽፋል፤ ውሳኔው ግን የመምህሩ ነው። ሳይወስኑ መምራት አይለመድም።

እየወሰኑ የመሩ ወጣቶች ታሪክ ግን ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ከከተማችሁ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችው ጎሬ፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር እጅ ስትወድቅ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር። በዚያው ዓመት በወለጋ፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ድርጅት መሠረቱ። የመሯቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር ቦነያ በተባለ ቦታ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ተሰለፉ። እኔን ከጀብዱው ይልቅ የሚገርመኝ ደንባቸው ነው። አሥር አንቀጽ ጽፈው ጠመንጃ የያዘው ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬና ምርኮኛ እንዳይበደል በራሳቸው ላይ ሕግ አወጡ። ጠላት እያሳደዳቸው ይህን ካሰቡት መካከል ከእናንተ ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ።

እናንተን ጦርነት እንዲያስተምራችሁ ማንም አይመኝም። መምራትን የምትለማመዱበት የሶር ወንዝ ጫካ ግን አጠገባችሁ ነው። ወንዙ ፏፏቴውን ወርዶ ከገባ ይቀላቀላል፤ ገባም ከብርብር ጋር ባሮን ይሠራል። ወዲያ ማዶ ያለውን የያዩን የቡና ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ የዱር ቡና አሁንም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል። ጉሬዛውን፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ቀፎ ከልጅነታችሁ አይታችሁታል። በሶር ጫካ ውስጥ ተማሪ ለሦስት ቀን የሚቆይበትን ትምህርት ነው የምጠይቀው።

ተማሪዎቹ ስምንት ስምንት ሆነው ይውጡ፤ በየቀኑ መሪው ይቀየር። የዕለቱ መሪ ፍጥነቱን በደካማው ጓደኛው እግር ይለካ። የቡናው ጫካ ባለቤት አለውና ከማለፉ በፊት ያስፈቅድ። ዝናብ የጣለ ቀን ሶር ሳይታሰብ ይሞላል፤ ድንጋዩም ያዳልጣል፤ ስለዚህ መሪው ሰባቱ «እንሻገር» ቢሉም «እንመለስ» ማለትን ይልመድ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። መምህሩ ከኋላ ይከተል፤ አደጋ ካልመጣ በቀር አፉን አይክፈት። ማታ እሳት ዳር ሁሉም መሪውን ይጠይቁት፦ የማንን ሐሳብ ሳትሰማ አለፍክ? የደከመውን መቼ አየኸው? ንብ አርቢ አባት አብረው ቢሆኑ ደግሞ ቀፎ ለመስቀል ዛፍ እንዴት እንደሚመረጥ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣሉ።

ተማሪን ከክፍል ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። አገራቸውን አውቀው የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ የዘመቱት ግን በትእዛዝ ነበር። እኔ የምለው ልጆቹ ራሳቸው የሚያቅዱት ጉዞ ነው፤ ስንቁን የሚቆጥሩት፣ መንገዱን የሚመርጡት እነሱ ይሁኑ።

ወላጆች፣ ሴት ልጅ ጫካ ታድራለች ሲባል እንደምትሰጉ አውቃለሁ፤ ስጋታችሁም ተገቢ ነው። ሴት መምህራን አብረው ይሂዱ፤ ድንኳኑ ይለይ፤ የቀበሌው ሽማግሌዎች ቀድመው ይወቁ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ግን ልጃችሁን አታስቀሯት። ጀሪካን ተሸክማ የምንጩን መንገድ ስትመላለስበት ያደገች ልጅ ናት፤ መንገድ መምራት አይከብዳትም።

ርእሰ መምህራን፣ ጊዜው የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ይሁን፤ ቡናው ተለቅሞ ያልቃል፣ ዝናቡም ይቀንሳል። ተመራቂዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል በዚያ ጊዜ መቱ የምትኖሩ የ11ኛ ክፍል ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስማችሁን ለስፖርት መምህራችሁ ስጡ።