የእሳት እራት በመድረክ ላይ



ደራሲው ጆርጅ ዶውስ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1997 ሰዎች የገዛ ሕይወታቸውን የሚተርኩበትን መድረክ ኒውዮርክ ላይ ሲያቋቁም «ዘ ሞዝ» ብሎ ሰየመው። ስያሜው በጆርጂያ ግዛት በሞቃት ምሽት የበረንዳ መብራት ከሚከቡት ነፍሳት የመጣ ነው። የእኛ ቋንቋ ለዚሁ ፍጡር ያወጣለት ስም ግን ይበልጥ የጨከነ ነው፦ የእሳት እራት።

የመድረኩ ደንብ አጭር ነው። ታሪኩ እውነተኛና የተራኪው የራሱ ይሁን፤ ከወረቀት አይነበብ። ወረቀት ሲነሣ ግን መሸሸጊያም አብሮ ይነሣል። አንዲት እናት የልጇን ሞት ተርካ ስትወርድ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እርሷ ግን ኀዘኗን በማታውቃቸው ሰዎች እጅ ትታ ትሄዳለች። እኛ አድማጮችም «አስተማሪ» ታሪክ እንሻለን፤ በድል የተዘጋ ማለታችን ነው። ቁስሉ ገና ያልሻረ ሰው በእንዲህ ያለ ምሽት ምን ይበል? አዘጋጆች ተራኪውን አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው የታሪኩን ፍጻሜ ሳይሆን የትኛውን ክፍል ለራሱ ማስቀረት እንደሚሻ ነው።