ዐቀበትን በኅብረት ስለ መውጣት
(በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከፍ ያለ ደስታ ይሰማናል። የምንናገረው ስለ ሩጫ ነው። የታላላቅ ሯጮቻችንን ስም ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ስለ እነርሱ ብዙ አንናገርም። የምንናገረው እሑድ እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ስለሚሮጠው ስለ ሠፈራችን የሩጫ ቡድን ነው። በቡድኑ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከዚህ ቤት ተምረው የወጡ ታላላቆቻችን፣ አንድ መምህርና ሁለት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እንገኛለን። ከእኛ መካከል እስካሁን ሜዳልያ ያገኘ የለም። ሆኖም ከዐቀበቱ ያገኘነው ትምህርት ለእናንተም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ግማሽ ማራቶን ማለት ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። የሙሉው ማራቶን ልክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ልክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 በሎንዶን ለተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት ጀምሮ የተለካ ነው፤ በ1921 ደግሞ የጸና ደንብ ሆነ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. እኅታችን ለተሰንበት ግደይ በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰኮንድ ፈጽማ፣ ከ63 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነች። ቫሌንሲያ ግን በባሕር ዳር የተሠራች ሜዳማ ከተማ ናት። የእኛ መንገድ ሌላ ነው።

መንገዳችን ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በባሕር ዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ይህች ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚያ በኋላ በሸንተረሩ ላይ እንሮጣለን። በዚህ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ በስተደቡብ ያለው ወደ አዋሽ፣ በስተሰሜን ያለው ወደ ዓባይ ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከሄድን በኋላ ዞረን በመጣንበት እንመለሳለን። ሸንተረሩ ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል በመልስም ጊዜ ዐቀበት አይጠፋም። ዕድሜአቸው 18 ዓመት ያልሞላ ጓደኞቻችን እስከ ማርያም ደጅ ብቻ ሮጠው በዚያ ውሃ ያድሉናል፤ አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ነውና አይቸኰሉም።

ይህን መንገድ ከባድ የሚያደርገው ቁመቱ ብቻ አይደለም። እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ወደ ሢሶ በሚጠጋ ያንሳል። ስለዚህ በሜዳ የለመድነውን ፍጥነት ይዘን ዐቀበቱን ብንጀምር ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ደረታችን ይነዳል፣ ጉልበታችንም ይከዳናል።

ከዚህም የተነሣ በዐቀበት ላይ መመዘኛችን ሰዓት ሳይሆን ትንፋሽ ነው። አብሮት ለሚሮጠው ጓደኛው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ መሆኑን ይወቅ። እርምጃውን ያሳጥር፤ ክንዱን ያወዛውዝ፤ ዓይኑንም ከተራራው ጫፍ ላይ አንሥቶ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ፊት ይመልከት። ቍልቍለቱ ደግሞ ዕረፍት ይመስላል እንጂ ዕረፍት አይደለም። በቍልቍለት የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነታችንን ክብደት ያግዳል፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ደረጃ ስንወርድ የሚሰማን ሕመም ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ስንወርድም እግራችንን አንለቀውም።

ለአንድ ግማሽ ማራቶን አራት ወር እንዘጋጃለን። በ6 ኪሎ ሜትር ጀምረን የእሑዱን ሩጫ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር እንጨምራለን፤ በየአራተኛው ሳምንት ግን ሰውነታችን እንዲያርፍ እንቀንሳለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሥራ ያወቁት ይመስላል። በሩጫው ዋዜማ እንደ ወትሮው እንጀራችንን በሽሮ እንበላለን፤ ጧት ከመነሣታችን አስቀድሞ በሶ በማር በጥብጠን እንጠጣለን። ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ደኅና ጫማና በጊዜ መተኛት ነው።

አሁን ስለ ደንባችን እንናገር። ደንቡ ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ማንም ሰው ብቻውን አይሮጥም፤ በእንጦጦ በጨለማ ጅብ አለና፣ እኅቶቻችንም በመንገድ ላይ ያለ ሥጋት መሄድ ይገባቸዋልና። ሁለተኛ፣ በልምምድ ቀን ሁሉም በየትንፋሹ ይወጣል፤ ነገር ግን የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ድረስ በማርያም ደጅ እንጠባበቃለን። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ቢታመም ሁለት ሰዎች ከእርሱ ጋር ይቀራሉ፤ አንዱ ይደግፈዋል፣ ሁለተኛው ርዳታ ይጠራል። መጀመሪያ የደረሰው ይቆማል እንጂ ከኋላ የሚመጣው ይቁም ብሎ አያልፍም።

ይህን ደንብ ስንጽፈው ቀላል ነበር። የተፈተነው ግን በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ጧት ነው።

በዚያን ቀን ሙሉውን መንገድ ለመሮጥ የተነሣነው 14 ነበርን። ከእነዚህ አንዷ 18 ዓመቷን የያዘች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ በመጀመሪያ ፈቃዳቸውን አልሰጡም ነበር። «የፈተና ዓመት ነው፤ ደግሞም ልጄ በጨለማ ወደ ጫካ አትወጣም» ብለው ነበር። ታላላቆቻችን ወደ ቤታቸው ሄደው ደንባችንን ካስረዷቸው በኋላ ግን፣ ውጤቷ እንዳይቀንስና ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻዋን እንዳትቀር ቃል አስገብተው ፈቀዱላት። በሌላ በኩል ደግሞ ከሁላችን ፈጣን የሆነ አንድ ወንድማችን ነበረ። አንድ የክለብ አሠልጣኝ ሰዓቱን ሊያዩለት ፈቅደው ከዐቀበቱ ግርጌ ይጠብቁት ነበር። ይህ ወጣት ያንን ጧት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቆታል።

ፈጣኑ ወንድማችን በመዞሪያው ዞሮ 13ኛውን ኪሎ ሜትር እየጨረሰ ሲመለስ፣ እኅታችን 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቷ ተኰማትሮ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ አገኛት። ከእርስዋ ጋር የነበረው ከሸማኔዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ከኋላ እንደምንመጣ ወጣቱ ያውቃል። ሸማኔውም «አንተ ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል፤ ሌሎቹ ይደርሳሉ» አለው። እርሱ ግን የእጅ ሰዓቱን አቆመና ተንበርክኮ እግሯን ያሽላት ጀመር። እኛ የደረስነው ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሦስቱም በእግራቸው ቀስ ብለው አብረው ወረዱ፤ እኛም መንገዳችንን ፈጽመን ተከተልናቸው። ሦስቱ እታች በደረሱ ጊዜ አሠልጣኙ ሌላ ሥራ ስለ ነበራቸው ሄደዋል።

የልጅቱ አባት ግን በዚያው ቆመው ነበር። ልጃቸው እያነከሰች ስትመጣ ባዩ ጊዜ ማንንም አልተቈጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ብቻዋን የቀረችበት ጊዜ ነበረ?» አሉ። «አልነበረም» አልናቸው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ስለዚህ ከእንግዲህ አትመጣም ብለን ነበር። በሳምንቱ እሑድ ግን አባት ራሳቸው ከልጃቸው ጋር ሻይ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። እርስዋም በግንቦት ወር ያንኑ መንገድ በ2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጸመችው።

ስለ ወጣቱም እውነቱን መናገር ይገባናል። ያቺ ጧት አልተመለሰችለትም። ክለብም እስካሁን አልገባም፤ ነገር ግን በየእሑዱ ይሮጣል። በቡድናችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «የእርሱ ዕድል እንዲህ መጥፋት አልነበረበትም» አልን፤ ሌሎቻችን «ደንቡ ለፈጣኑ ካልሠራ ለማን ይሠራል?» አልን። በመጨረሻ ሁላችን የተስማማንበት ይህ ነው፤ ደንቡ እንዳለ ይጸናል፤ ነገር ግን በየሩጫው ሁለት ተረኞች ውሃና ስልክ ይዘው ከሁሉ በኋላ ይሮጣሉ። ተራው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የመጠበቁ ሸክም በአንድ ሰው ዕድል ላይ አይወድቅም። ፈጣኑ ወንድማችንም እንደ ማንኛችንም ተራው ሲደርስ ከኋላ ይሮጣል።

ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያነሣውም የለም። ታላላቆቻችንም ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የአገሩ ሰው አበበ ዋቅጅራም በዚያው ውድድር አብሮት ይሮጥ ነበር። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ አበበ ታሞ መንገዱን ሳያጋምስ ባቋረጠ ጊዜ፣ የቡድኑ ጓደኛ ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጥሎ ወርቁን አገኘ፤ ኢትዮጵያም ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ድል በእርሱ አገኘች። ደራርቱ ቱሉም በጥቅምት ወር 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን ታማ ወደ ኋላ ስትቀር ዘወር ብላ አበረታታቻት፤ ከዚያም ቀድማ ገባች። ለሌላው ማሰብ ሁልጊዜ ከድል አያስቀርም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ እኛ ሁለቱንም አይተናል።

የተከበራችሁ ወላጆች! ልጆቻችሁ፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆቻችሁ፣ ለመሮጥ ፈቃድ ሲጠይቋችሁ ወዲያው እምቢ እንዳትሏቸው እንለምናለን። ይልቅ ከማን ጋር እንደሚሮጡ፣ ማን ከኋላ እንደሚጠብቃቸው፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጠይቋቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቡድን ልጅ ሊሰጠው አይገባም። ክቡራን መምህራን ደግሞ ለሴቶች ተማሪዎች የልብስ መለወጫ ክፍልና በሜዳው አጠገብ የውሃ ቧንቧ እንዲኖር ብታስቡልን ብዙዎች በጧት ይመጣሉ።

ውድ ጓደኞቻችን! የእንጦጦ ዐቀበት ከማንም አይሸሽም፤ ስለዚህ አትቸኵሉ። በዚህ ሳምንት ስድስት ኪሎ ሜትር ከበዛባችሁ ሦስቱን ሩጡ፤ ሦስቱም ከበዛ በእግራችሁ ሂዱ። የፈተና ጊዜም እንደ ዐቀበት ነው፤ ትንፋሹን መጥኖ የጀመረና ከጓደኛው ጋር ያጠና ከጫፉ ይደርሳል። እሑድ ጧት በ12 ሰዓት በሽሮ ሜዳ እንገኛለን። ከመካከላችሁ ዘገምተኛ የሆነ ቢመጣ አይፈር፤ ከኋላው ሁለት ተረኞች አሉ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።