ፓርኩን ስታቋርጡ፣ ደረስጌን እዩ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኘት በዓል፣ ደባርቅ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ተነስተን፣ ዳባት ላይ ሻይ ቡና ብለን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን። ዳባትማ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ግቢ ነበረች፤ መዝገብ ይዘን ቤት ለቤት የዞርነው እዚያ ነው። ደባርቅ ደግሞ ገበያ ናት። ቆላው ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ደጋው ከስሜን ወርዶ፣ በገብሱ፣ በበጉ፣ በጌሾው የሚገናኙባት።

ነገ ጭላዳ ልናይ ፓርኩ እንገባለን። እሰየው! እኔ ግን ከፓርኩ ማዶ፣ በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ስላለችው ስለ ደረስጌ ማርያም ልንገራችሁ።

ያሠሯት ስሜንንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በግንባታው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አግዟቸዋል። ውቤ ያሰቡት እዚያው ሊነግሡ ነበር ይባላል። ታዲያ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ባሠሩት ደብር ባላንጣቸው ነገሠ፤ እሳቸው ታሰሩ።

ነገሩ በዚህም አላበቃ። ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች ሕፃኑን ወሰዱት፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። የአያቱ ደብር ስሜን፣ የልጅ ልጁ አጽም እንግሊዝ!

ስለ ደረስጌ ሕንፃና ሥዕሎች ዶሮቴያ ማክዩን የተባሉ የታሪክ ምሁር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የካህናቱን፣ የሽማግሌዎቹን ቃል በአማርኛ መመዝገብ ግን የማን ሥራ ነው? የእኛው ነው እንጂ! በዳባት የልደትና የሞት መዝገብ የያዘ እጅ ይህን አያቅተውም። መምህራን፣ እስኪ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ አድርጉት። እኛ ተመራቂዎች የመኪናውንና የመቅረጫውን ወጪ እንቻል። አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍታችን ይሁን። ሽማግሌ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዘንድሮ ካልጠየቅነው ለከርሞ የምንጠይቀው ላናገኝ እንችላለን።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።