ርካሹ ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር ይጣላልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ስፖርት ድል የሚናገሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ብቻ እንናገራለን። መጠኑ ከክብሪት ሣጥን አይበልጥም፤ ስሙም ኢንቴል ፔንቲየም ጂ3220 ይባላል። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት 18 ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚያስቡት በእርሱ ነው። «ማሰብ» የሚለውን ቃል የፊዚክስ መምህራችን አይወዱትም እንጂ።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በኅዳር ወር አንድ ነጋዴ ክፍሉን አይቶ፣ «እነዚህማ ሞተዋል፤ ፕሮሰሰራቸው ሁለት ኮር ብቻ ነው። በቁራሌ ዋጋ ልውሰድላችሁና አዲስ ላምጣ» ሲል አስታወቀ። የአዲሶቹ ዋጋ ከወላጆች መዋጮ የሚከፈል ነበርና፣ ርእሰ መምህራችን ከመወሰናቸው በፊት ክበባችን በሁለት ሳምንት ውስጥ መርምሮ እንዲያስረዳ አዘዙ። እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ ኮምፒዩተር የማይወድ ተማሪ የለምና፣ ምርመራውን የጀመርነው ነጋዴው እንዲረታ እየተመኘን ነበር።

ይህ ፕሮሰሰር የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ ዋጋው ከ70 ዶላር ያነሰ ነበር። ኮር ማለት ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም ሠራተኛ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። የኛው ሁለት ሠራተኞች አሉት፤ የእያንዳንዱም የሥራ ምት በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ነው፤ ይህም 3 ጊጋኸርዝ የሚባለው ነው። ፔንቲየም የሚለው ስም ደግሞ ድሮ የክብር ስም ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሲወጣ በኢንቴል የግል ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ የበላይ ነበረ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. «ኮር 2» የተባለው ከመጣ በኋላ ግን ስሙ ለርካሾቹ ተሰጠ። ለስምም ሹም ሽር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶች፣ «አራት ኮር ያለው ከሁለት ኮር እጥፍ ይፈጥናል» ይሉ ነበር። ይህ እውነት የሚሆነው ሥራው ሁሉ ሊከፋፈል ሲችል ብቻ ነው። ለድግስ እንጀራ ሲጋገር ምጣድ ሁለትም አራትም ሊሆን ይችላል፤ ሊጡ ካልቦካ ግን ጋጋሪዎቹ ሁሉ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ጅን አምዳል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ይህንን ነገር በ1967 እ.ኤ.አ. አስረድቶታል። አንድ ኮር በ60 ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ቢኖርና ግማሹ ብቻ የሚከፋፈል ቢሆን፣ ሁለት ኮር በ45 ደቂቃ፣ አራት ኮር ደግሞ በ37 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው ክፍሉ ዝም አለ፤ እጥፍ የሚሉት ጓደኞቻችን ልዩነቱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ብቻ መሆኑን አይተው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሮቹን ከፈትናቸው። በመጀመሪያ ያገኘነው አቧራ ነበር። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን በብሩሽ ጠርገን፣ ደርቆ የነበረውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ለወጥን። ቀጥሎም የሥራ መከታተያውን ገጽ ከፍተን፣ ኮምፒዩተሩ በሚንቀራፈፍበት ጊዜ ማን እንደ ደከመ ተመለከትን። ያየነውም እኛን ራሳችንን አሳፈረን፤ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር፤ መቶ በመቶ ተይዞ የነበረው የሚሽከረከረው አሮጌው ዲስክ ነው። ማስታወሻውም 2 ጊጋባይት ብቻ ስለ ነበረ፣ የማይበቃውን ሁሉ ወደዚያው ቀርፋፋ ዲስክ ይጥል ነበር። በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የማይሽከረከር ኤስኤስዲ ዲስክ ተክለን ማስታወሻውን 8 ጊጋባይት ስናደርገው፣ ያው «የሞተው» ፕሮሰሰር ጽሑፍ ሲጻፍበት፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲሠራበትና የፓይተን ፕሮግራም ስንማርበት አላስቸገረንም።

ይሁን እንጂ ነጋዴው ፈጽሞ ተሳስቷል አንልም። በቪዲዮ እየተነጋገርን ንግግሩን ለመቅዳት ስንሞክር ሁለቱም ኮሮች ሞሉ፤ ድምፁም ይቆራረጥ ጀመር። ቪዲዮ ማቀናበርም ትዕግሥትን ይፈታተናል። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን የሰው ሠራሽ አእምሮ ትምህርት ለመጀመር ያሰቡት ጓደኞቻችን ነገር ነው። ቴንሰርፍሎው የተባለው መሣሪያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተዘጋጅቶ የሚታደለው ኤቪኤክስ የሚባሉትን ትእዛዞች የሚያውቅ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የኛው እነዚያን ትእዛዞች ስለማያውቅ፣ በዝግታ እንኳ አልሠራም፤ ጨርሶ እምቢ አለ። ዝግታን ሰው ይታገሣል፤ የማያውቀውን ቋንቋ ግን በትዕግሥት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ሌላም ችግር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህንን ፕሮሰሰር ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ስለዚህ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንትን ጫንበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች በማጉረምረም አለፉ፤ በሁለተኛው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከኛ ቀድመው ለመዱት።

ለርእሰ መምህራችን ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ይህንን ፕሮሰሰር ዛሬ በአዲስ ገንዘብ እንዲገዛ ማንንም አንመክርም፤ ያለው ግን አይሸጥ። ከመዋጮው ለነባሮቹ ዲስክና ማስታወሻ ይገዛ፤ ለቪዲዮና ለሰው ሠራሽ አእምሮ ትምህርት ደግሞ ብዙ ኮር ያላቸው ሁለት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ብቻ ይምጡ። በአንዳንዶቹ ላይ በዚያው መቀመጫ የሚገባውን ባለአራት ኮሩን ኮር አይ5-4570 ሁለተኛ እጅ ገዝቶ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን የእኛው እስከ 53 ዋት ድረስ የሚያሞቅ ሲሆን ያኛው እስከ 84 ዋት ስለሚያሞቅ፣ ማራገቢያውና ኃይል ሰጪው መቻላቸው አስቀድሞ ይታይ። ውሳኔው የርእሰ መምህራችንና የወላጆች ኮሚቴ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ ከበዓሉ በኋላ ክፍሉ ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን። የምታገኟቸው ግን 18 ሳይሆኑ 17 ናቸው። በዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ እግር የለም፤ ቀጫጭኖቹ የብረት ፒኖች ያሉት በመቀመጫው ላይ ነው። እኛም ይህንን ሳናስተውል ፕሮሰሰሩን በችኮላ ስንመልሰው ፒኖቹን አጣመምናቸው። ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ስለሆነ በመግቢያው አጠገብ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አኑረነዋል፤ የተበላሸውም ሰሌዳ ከአጠገቡ ነው።