የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያና ከአጥሩ ውጭ ያለው ሥራ



ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው የሚወሳው የገንዳው ስፋትና የወጪው መጠን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወሳ የምሻው ከጣቢያው አጥር ውጭ ስላለው ሥራ ነው። የጣቢያው ፍሬ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚያ ነውና። ለዚህም የአዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ ምሳሌ ይሆነናል።

በቃሊቲ በመጀመሪያ የተሠሩት ኩሬዎች በቀን ከ8,000 ሜትር ኩብ ያነሰ ፍሳሽ የሚቀበሉ ነበሩ። ሥራውን የሚሠሩላቸው ፀሐይ፣ ነፋስና ጊዜ ስለ ነበሩ፣ ሰፊ መሬት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቁም ነበር። በ2010ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተተካው አዲሱ ጣቢያ ግን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ ነው። በዚህ ዐይነቱ ጣቢያ ፍሳሹ በወንፊት ካለፈና አሸዋው ከተለየ በኋላ፣ በዝቃጭ ንጣፍ መካከል ከታች ወደ ላይ እንዲፈስ ይደረጋል። በንጣፉ ውስጥ ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እየተመገቡ ሜቴን ጋዝ ያወጣሉ፤ የተረፈውን ደግሞ አየር የሚሹት ባክቴሪያዎች በሌላ ማጣሪያ ላይ ይቀበሉታል። ይህን የመጀመሪያውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኔዘርላንድስ ያዳበሩት ጋትዘ ሌቲንጋና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ትልቁ ጥቅሙም አየር ለመንፋት የሚባክነውን ኤሌክትሪክ ማዳኑ ነው።

እንግዲህ ጣቢያው ሕይወት ባላቸው ደቂቅ ፍጥረታት የሚሠራ ከሆነ፣ ሦስት ነገሮችን ከውጭ ይጠብቃል።

አንደኛው መስመር ነው። ቧንቧ ያልደረሰው ቤት ፍሳሽ በቦቴ ተመጥጦ ካልተጓዘ በቀር ወደ ጣቢያው አይመጣም፤ ከጉድጓዱ እየሰረገ ወይም በጎርፍ መውረጃ በኩል ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል። ገንዳ ሠርቶ መስመሩን መዘንጋት፣ ጎተራ ሠርቶ እህሉን በሜዳ እንደ መተው ይቆጠራል።

ሁለተኛው የፋብሪካው በር ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም በምንጩ ካልተለየ፣ ባክቴሪያዎቹን ሊጎዳ ይችላል፤ ከዝቃጩም ጋር ስለሚቀር ለእርሻ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ሀብት ያበላሸዋል። ጣቢያው ብረትን ማጥፋት አይችልም፤ ከውኃው ወደ ዝቃጩ ያዛውረዋል እንጂ።

ሦስተኛው ገበሬው ነው። በአቃቂ ዳርቻ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች በወንዙ ውኃ ያጠጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚውል የተጣራ ፍሳሽ በሊትር ከአንድ የአንጀት ትል እንቁላል በላይ እንዳይዝ መክሯል። ቆሻሻውን በሚገባ የሚቀንስ ሂደት ሁሉ ግን እንቁላሉን በበቂ ሁኔታ አያስወግድም። ለዐይን ጥርት ያለ ውኃም ሕፃናትን ሊያሳምም ይችላል። ውኃው ለብዙ ቀናት የሚተኛባቸው ኩሬዎች እንቁላሉን በማዝቀጥ ረገድ የታወቀ ጥቅም አላቸው፤ ስለዚህ አዲሱን ስንቀበል የአሮጌውን ቁም ነገር አብረን መጣል አይገባንም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ የጣቢያን ብቃት በሚውጠው ሜትር ኩብ ብቻ የምንለካ ከሆነ ሥራችን በአጥሩ ላይ ይቆማል። መለኪያችን ምን ያህል ቤት ተቀጠለ፣ ምን ያህል ፋብሪካ መርዙን በበሩ አስቀረ፣ ገበሬውስ እጁን የሚነክረው በምን ዐይነት ውኃ ነው የሚል መሆን አለበት። ከእንግዲህ የምናዘጋጀው የጣቢያ ንድፍ ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ገጽ እንዲመልስ በአክብሮት አሳስባለሁ።